ቡ ሳሪንተን እና የሐሙስ ማታው ዘፈን

በአክብሮት «ቡ» ስለምትባለው ስለ ሳሪንተን ሳወራ ደሜ ይፈላል፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከጃካርታ ራቅ ብላ ባለችው ሶሎ ከተማ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የግል ሬዲዮ ጣቢያ አብረን አርጅተናል። እኔ ሸክላ አጫዋችና የድምፅ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እሷ «ዛሬ በዘፈን ዓለም» የምትባለውን የአምስት ደቂቃ ዝግጅት ራሷ ትጽፍና ራሷ ታነብ ነበር። በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ በዚያች ዕለት በድሮ ዘመን ማን ዘፋኝ እንደ ተወለደ፣ የትኛው ሸክላ እንደ ወጣ፣ የትኛው ባንድ ተጣልቶ እንደ ተበተነ ትነግረናለች። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አንድ ቀን ሳታጓድል።

ካርዶቿን በብስኩት ቆርቆሮ ታስቀምጣለች። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ካርድ አለ፤ በአራት ዓመት አንዴ ብቅ ለምትለው ለፌብሩዋሪ ሃያ ዘጠኝ እንኳ አላት። በቀን ቀልድ አታውቅም። አንዴ ምሳ ቤት ተቀምጠን፣ ጎናችን ያለ ሰው የአንድ ዘፋኝ የሞት ቀን ተሳስቶ ሲያወራ ሰማች። ሩዟን ትታ ተነሳችና «ጌታዬ፣ ሰውየውን በሦስት ቀን ቀድመው ቀበሩት» አለችው። ሰውየው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ይቅርታ እስኪል ድረስም ከጠረጴዛው አልተነቃነቀችም።

እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ በየዓመቱ ሴፕቴምበር ዘጠኝ ቀን ማይክሮፎን ፊት ቁጭ ብላ የምትዋሸው።

የዚያ ቀን ካርድ ሦስት መስመር አለው። በ1941 ኦቲስ የሚባለው ጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝ ተወለደ። በ1956 ያ ወገቡን የሚያወዛውዝ ጎረምሳ አሜሪካኖች ቤታቸው ተሰብስበው በሚያዩት ትልቅ የእሑድ ማታ የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፈነ። እነዚህ ሁለቱ እውነት ናቸው። ሦስተኛው መስመር፣ «በ1971፣ ሐሙስ ማታ፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ክብርት ኩስዋንቲ ‹ዝናብ በድልድዩ ላይ›ን በሸክላ አስቀረጹ» ይላል። ይህ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

ዘፈኑን የዘፈነችው የሳሪንተን ታላቅ እህት ዋርሲቲ ናት። ዋርሲቲ ልብስ ሰፊ ናት፤ የዝነኛዋን ዘፋኝ የኩስዋንቲን የመድረክ ልብስ የምትሰፋው እሷ ነበረች። ያን ሐሙስ ፀሐይ ገብታ ዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ሁለቱ እህትማማቾች የተሰፋ ልብስ ሊያደርሱ ወደ ቀረጻ ቤቱ ሄዱ። ሙዚቀኞቹ ተሰናድተዋል። ከጃካርታ በውሰት የመጣው መቅረጫ በማግስቱ በባቡር መመለስ አለበት። ኩስዋንቲ ግን ጥግ ላይ ተቀምጣ አፏን አልከፍት አለች። ጉሮሮዋን አሟታል ተባለ። የቀረጻ ቤቱ ባለቤት ባሏ ነው፤ ላቡን እየጠረገ ዋርሲቲን «ልብስ ስትለኪ ስታንጎራጉሪው ሰምቼሻለሁ፤ ለዛሬ አንቺ ሙዪልን፣ በኋላ እሷ ትደግመዋለች» አላት።

ማንም አልደገመውም። ሸክላው የኩስዋንቲን ፎቶ ለብሶ ወጣ፤ ከሱማትራ እስከ ባሊ ተዘፈነ። ኩስዋንቲ በዚያ ዘፈን ቤት ሠራች፣ ኋላም ይህንኑ የእኛን ጣቢያ አቋቋመች። ለዋርሲቲ የደረሳት ባቲክ የሚባለው ባለ ጌጥ ጨርቅ አንድ ቁራጭ ነው።

ሳሪንተን ይህን የነገረችኝ በ1994 ነበር። «ታዲያ ለምን አትናገሪም፣ ምባክ?» አልኳት፤ እኔ እሷን እንደ ታላቅ እህት «ምባክ» እላታለሁ፣ እሷም እኔን እንደ ታናሽ ወንድም «ዲክ ትሪማን» ትለኛለች።

«ለማን? የልብስ ሰፊ እህት በክብርት ኩስዋንቲ ላይ አፏን ብትከፍት ማን ያምናታል? ማስረጃ አለኝ? እንጀራዬስ?» አለችኝ። እኔም አልገፋኋትም። በየዓመቱ ሸክላውን አስቀምጣለሁ፣ መርፌውን አወርዳለሁ፣ ሻዬን እጠጣለሁ።

ኩስዋንቲ በ2010 ሞተች፤ ጣቢያውን ልጇ ሃንዳሩ ተረከበ። ሃንዳሩ ጃካርታ ያደገ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሰው ሲያናግር ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው። የዘፈኑ አርባኛ ዓመት ሲደርስ የዚያን ዕለቱን ጽሑፍ ራሴ ካልጻፍኩ አለ። በዋዜማው ወረቀቱን ሳሪንተን ጠረጴዛ ላይ ጣል አደረገና «ነጠላ ሰረዙን ብቻ ይዩልኝ» ብሏት ሄደ።

እናቱን ቅድስት አድርጎ ነው የጻፋት። እንዲህ ይላል፦ «እናቴ የተወለደችው ዓርብ ለጊ ነው። ይህ ቀን በየሠላሳ አምስት ቀኑ በመጣ ቁጥር፣ ከወጣትነቷ እስከ ዕለተ ሞቷ አንዴም ሳታጓድል፣ እንደ አባቶቻችን ደንብ ቀኑን ሙሉ እህል ሳትቀምስ፣ ቃል ሳትተነፍስ ታሳልፈው ነበር።»

በኛ ዘንድ ሰባቱ የሳምንት ቀናት ከአምስቱ የገበያ ቀናት ጋር ይጣመራሉ፤ ለጊ ከአምስቱ አንዱ ነው። ሰው በተወለደበት ጥምር ቀን ይጾማል፤ የጠናበት ደግሞ አፉንም ይለጉማል። ሳሪንተን አንብባ ስትጨርስ ቀለሟ ተለወጠ። የድሮውን የቀን መቁጠሪያ ከመደርደሪያ አውርዳ ገለጠችና ጣቷን አሳረፈችበት፤ ሴፕቴምበር አሥር፣ 1971፣ ዓርብ ለጊ።

«ዲክ ትሪማን፣ ፀሐይ ስትገባ ቀኑ የማን ነው?» አለችኝ።

«የነገ ነዋ» አልኳት። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። የሐሙስ ማታ የዓርብ ነው፤ ዓርብ የሚጀምረው ሐሙስ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

«ጉሮሮዋን አልነበረም ያመማት» አለች። «ጾም ላይ ነበረች። ዝም ማለት ነበረባት።» ከዚያ ራሷን ትሰድብ ጀመር። የቀን አዋቂ ነኝ ባይዋ፣ ያን ቀን እንደ ቢሮ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ስትቆጥር ኖራለች። የጃካርታው ልጅም እንደዚያው ቆጥሮ ነው የእናቱን ጾምና የእናቱን ዘፈን ባንድ ወረቀት ላይ ያጋጫቸው።

ወረቀቱን ይዛ ሃንዳሩ ቢሮ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። ሃንዳሩ እስክትጨርስ ሰምቷት ፈገግ አለ።

«ቡ ሳሪንተን፣ ሐሙስ ሐሙስ ነው። ዓርብ ዓርብ ነው። እንዲህ ያለውን የመንደር ቆጠራ ለጎረቤትዎ ያውሩት።»

«ፓክ ሃንዳሩ፣ እርስዎ ነዎት የጻፉት። እናቴ አንዴም አላጓደለችም ብለዋል» አለችው፤ ፓክ ጌታዬ እንደ ማለት ነው።

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው አልዘፈኑም። ከዘፈኑም ጾሙን አፍርሰዋል። አንዱን ይምረጡ።»

ፈገግታው ጠፋ። «ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ነው የቀረዎት፤ በሰላም ይውጡ። እንደተጻፈው ያንብቡ።»

«አንተ ልጅ» አለችው። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ቤት ውስጥ ማንንም አንተ ስትል ሰምቻት አላውቅም። «እናትህ ያን ማታ ቢያንስ ዝም ማለትን ታውቅበት ነበር።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታለት ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠች። ኦቲስን አነበበች። ጎረምሳውን አነበበች። ከዚያ ካርዱን ገልብጣ ወደ ጎን አደረገችው።

«በ1971 በዛሬዋ ዕለት፣ ሐሙስ ማታ፣ ‹ዝናብ በድልድዩ ላይ› ተቀረጸ» አለች። «ክብርት ኩስዋንቲ አልዘፈኑትም። ጾመኛ ነበሩ፤ ቃል አልተነፈሱም። ለዚህም ሰዓቱ ይመሰክራል፤ በአገራችን ቆጠራ ቀኑ ዓርብ ለጊ ገብቶ ነበር። የዘፈነችው ዋርሲቲ ናት፤ ሳንክራህ ሰፈር ያለችው ልብስ ሰፊ። ያየሁትን ነው የምናገረው፤ እህቴ ናት።»

ሃንዳሩ በሩን በቡጢ ሲደበድብ ሰማሁ። ቀድሜ ቆልፌዋለሁ። ሸክላውን አስቀምጬ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ዘፈኑ ሲያልቅ በሩን ከፈትኩለት። ሁለታችንንም እዚያው አባረረን። ሳሪንተን የካርድ ቆርቆሮዋን እንኳ አላነሳችም።

በሞተር ብስክሌቴ አፈናጥጬ ወደ ሳንክራህ ወሰድኳት። መንገዱን ሁሉ እልልታ የሚጠብቀን ይመስል ስለፈልፍ ነበር። ጎረቤት ተሰብስቦ ይሆናል፣ ዋርሲቲ ታለቅስ ይሆናል እላለሁ።

ዋርሲቲ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የተማሪ ሸሚዝ ትሰፋለች። ሬዲዮው አጠገቧ ተከፍቷል። ቀና ብላ አየችን እንጂ እግሯን ከመርገጫው አላነሳችም።

«ምባክዩ፣ ሰማሽ?» አለቻት ሳሪንተን፣ እንደ ታላቅ እህትነቷ ጠርታ።

«ሰማሁ።»

«በስምሽ ጠራሁሽ። ሰው ሁሉ ሰማ።»

ዋርሲቲ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ኩስዋንቲ አንድ ማታ ነው የወሰደችብኝ» አለች። «እሷም ፈቃዴን ልትጠይቀኝ አትችልም ነበር፤ አፏ የታሰረ ነበር። ስወጣ እጇን አጣምራ ዝቅ ብላ እጅ ነሳችኝ። እሷን ይቅር ካልኳት ቆየሁ። አንቺ ግን ሠላሳ አንድ ጊዜ ወሰድሽብኝ። በየዓመቱ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ይቺን ሬዲዮ ከፍቼ ቁጭ እላለሁ። ዘንድሮስ እህቴ ትናገር ይሆናል እላለሁ። ከዚያ ያንቺን ድምፅ እሰማለሁ፤ ‹ክብርት ኩስዋንቲ› ሲል።»

«ማስረጃ አልነበረኝም እኮ። እንጀራዬን ፈርቼ ነው።»

«እኔ አልነበርኩም ማስረጃሽ? አጠገቤ ቆመሽ አልነበር? የፈራሽው እንጀራሽን ነው፤ ዛሬ ለጡረታሽ ሁለት ወር ሲቀረው ደፈርሽ።»

ሳሪንተን የበረንዳውን ምሰሶ ይዛ ቆመች። እኔ ልሸመግል ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ዋርሲቲ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ፣ ዲክ ትሪማን? ሸክላውን የምታስቀምጠው አንተ ነህ። ድምፁ የማን እንደሆነ መቼ ነው ያወቅኸው?»

«በ1994» አልኳት።

ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ሌላ ሸሚዝ አንስታ መርፌው ሥር አስገባችና መስፋቷን ቀጠለች።