በሁለት ሰው እጅ ያለ መክፈቻ

መርሳ ላይ የቅሬያችን፣ የዕድራችን ማለቴ ነው፣ የሐዘን ድንኳንና ድስት የሚቀመጥበት ቤት ሦስት ጓጉንቸር አለው። አንዱ መክፈቻ ሰብሳቢው ዘንድ፣ አንዱ ጎረቤታችን ሼህ ዘንድ፣ አንዱ እኔ ዘንድ ነው። ብቻውን የሚከፍት የለም። አለመተማመን አይደለም፤ ዕቃ ሲጠፋ ንጹሕ ሰው እንዳይታማ ነው።

የልጅ ልጄ ወልድያ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትሠራ ነበር። ፕሮግራሙ የሕሙማኑን መዝገብ የሚከፍትበት የይለፍ ቃል አለው። ኃላፊው "እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ጻፊው፣ አታካብጂው" አላት። "ማንም እንዳያነበው ተመስጥሮ ለብቻው ይቀመጥ፤ መክፈቻውም ሌላ ቦታ ይሁን" ብትለው አልሰማም። ራሱ በግልጽ ጻፈው። ፕሮግራሙን የቀዳ ሁሉ ቃሉንም አብሮ ቀዳ። ውሎ አድሮ የሰው በሽታ በየስልኩ ሲዞር ተገኘ።

መጀመሪያ ኃላፊው ፕሮግራሙን እሷኑ አስጠገናት። ቃሉን መሰጠረችው፤ መክፈቻውን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለኃላፊው ሰጠች፣ ግማሹን እሷ ያዘች።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?" አልኳት።

"ከቅሬያችሁ ነዋ፣ እምዬ" ብላ ሳቀች።

ጥገናው ባለቀ ማግስት ኃላፊው ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ "ምስጢር ያወጣችው እሷ ናት" አለና አባረራት። የያዘችውን ግማሽ መክፈቻ እንድታስረክብ እንኳ አልጠየቃት።

ወልድያ ሄጄ ቢሮው ገባሁ።

"እማማ፣ ይሄ የኮምፒውተር ነገር ነው፤ ለእርስዎ ይከብዳል።"

"'መክፈቻውን በሩ ላይ አትተው' ያለችህን ነው ሌባ የምትላት?" አልኩት።

ሻይ አዘዘልኝ። ሳልቀምሰው ወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ ክሊኒኩ መብራት ጠፋበት። መብራቱ ተመልሶ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ፕሮግራሙ ሁለቱንም ግማሽ መክፈቻ ጠየቀ። ሰውዬው መርሳ ድረስ መጥቶ ደጃችን ቆመ። በሩን አልለቀቅኩለትም።

"በሠራተኛው ሁሉ ፊት እንዳዋረድካት፣ በዚያው ሠራተኛ ፊት ጥፋቱ የእኔ ነው በል፤ ከዚያ ትመጣለች።"

"እማማ፣ ሕሙማን እየተጉላሉ ነው።"

"እሷን ስታባርር አልታመሙም ነበር?"

ልጅቷ ከኋላዬ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። "እምዬ፣ የስኳር መድኃኒት የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። እነሱ ምን አደረጉ?"

በጎኔ አልፋ ሄደች። መዝገቡን ከፈተችላቸው፤ የእሷን ድርሻም ለዋናዋ ነርስ በወጉ አስረክባ ሲመሽ ተመለሰች።

"ምን አለሽ?" አልኳት።

"አመሰገነኝ።"

"በማን ፊት?"

ጫማዋን ስትፈታ ቆየች። "ብቻችንን ነበርን" አለች።

እስካሁን ሥራ አላገኘችም። ልታመለክት የሄደችበት ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቃት የዚያን ክሊኒክ ነገር ነው። የውርደቷ ወሬ ከወልድያ አልፎ ሐራ ከተማ ደርሷል፤ ምስጋናው ግን ከዚያች ክፍል አልወጣም።