እሳት ያልነካው የገና ጣፋጭ

ሰሞኑን የልጄ ሚስት አየር ጤና ባለው ቤታችን፣ ወጥ ቤት ቆማ፣ ብስኩት ደቁሳ በቅቤና በካካዎ ስታሽ ሽታው ሳሎን ድረስ መጣና ይዞኝ ነጎደ፤ ያወረደኝም በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት፣ ኮልፌ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ነው።

እናቴ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ሙዝ የተቀላቀለበትን ቅቤ በጣቷ ጫፍ ነክታ ስለምትለይ ሰውንም የምታየው በዚያው ዓይን ነበር፤ ቄስ ሲያሳልሟት እንኳ መስቀሉን የምትመረምር ይመስለኝ ነበር። እንግዲህ የጓሮዋን ክፍል ለእትዬ አስካለ ያከራየችው ይህችው ሴት ናት። እትዬ አስካለ ፈረንጅ ቤት ልጅ የምታሳድግ፣ ዝምተኛ፣ ነጠላዋ ሁልጊዜ የጸዳ ሴት ነበረች። ችግሩ ከክፍሏ ጭስ ወጥቶ አያውቅም። ምድጃ የላትም፣ ከሰል አትገዛም፣ ኩራዝ እንኳ ሳታበራ በጊዜ በሯን ዘግታ ትተኛለች። ጎረቤቱ ምን ብትበላ ነው እያለ መንሾካሾክ ጀመረ፤ እናቴም እኔንና ታናሽ እህቴን ከእጇ ምንም እንዳንቀበል አስጠነቀቀችን።

የገና ዋዜማ ጠዋት እትዬ አስካለ በራችን ላይ ቆመች። ብስኩት፣ ካካዎ፣ ስኳርና ኦቾሎኒ ይዛለች።

«እትዬ፣ ለልጆቹ የበዓል ጣፋጭ ልሥራላቸው ብዬ ነው። እሳት አይፈልግም።»

የእናቴ ፊት ጠቆረ። «እሳት ያልነካውን ለልጆቼ?» አለችና ጥቂት አስባ፣ «ሥሪ። ግን እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ። ቅቤውም ከእኔ ነው» አለቻት።

በረንዳው ላይ ቅቤው ፀሐይ ፊት እስኪለሰልስ፣ እትዬ አስካለ ብስኩቱን በሙቀጫ ወቀጠች፤ እናቴም ከፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን ነገር ታሸት ነበር። ካካዎውን በምላሷ ነካ አድርጋ ፊቷን አጨማደደችና፣ «ይሄማ መድኃኒት እንጂ ምግብ አይደለም!» አለች። እትዬ አስካለ አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ከኦቾሎኒ ጋር አሸች፣ ትሪ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ጠቀጠቀችው። እናቴ ትሪውን ተቀብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ አሰረች። እኔና እህቴ ግን የቁም ሳጥኑን ስንጥቅ በአፍንጫችን ስንሳለም አመሸን።

በማግስቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እናቴ በታኅሣሥ ብርድ እንደ ድንጋይ የጠጠረውን ጣፋጭ በቢላ ቆራርጣ እትዬ አስካለን አስጠራቻት።

«አንቺ ቅደሚ።»

እትዬ አስካለ አንዱን አንስታ ቀስ ብላ በላች። ሁላችንም ፊቷን እናያለን። እናቴ ግን በዚህም ልቧ አልረጋ።

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። ሰው ሆነሽ እሳት የማታነጂው ለምንድን ነው?»

እትዬ አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «አገሬ ሳለሁ ጎጆዬ ተቃጠለ፣ እትዬ። ውኃ ልቀዳ ወርጄ ነበር። ልጄ ውስጥ ተኝታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክብሪት ስይዝ እጄ አይታዘዘኝም።»

እናቴ ከትሪው አንድ ቁራጭ አንስታ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ደጋግማ አላመጠች፤ ከዚያ እኔንና እህቴን በየተራ አጎረሰችን። አፌ ውስጥ መጀመሪያ መረረኝ፣ ወዲያው ጣፈጠኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ራትሽ ከእኔ ምድጃ ነው የሚወጣው» አለቻት፤ አለችም፣ አደረገችም። አብዮቱ መጥቶ ፈረንጆቹ እስኪሄዱና እትዬ አስካለም እንጀራዋን ፍለጋ ከሰፈራችን እስክትወጣ ድረስ፣ ማታ ማታ ትኩስ ሳህን ወደ ጓሮ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። የት እንደደረሰች ግን እስካሁን የነገረን የለም።

ዛሬ እኔም ሁለት ክፍል አከራያለሁ። ተከራዮቼ በየወሩ መጨረሻ በጨዋ ደንብ ሰላም ይሉኛል፣ እኔም እመልሳለሁ። ምን እንደሚበሉ፣ ምን እንደሚፈሩ፣ ማን እንደሞተባቸው አላውቅም። አልጠረጥራቸውም፤ ለመጠርጠር እንኳ ቀና ብዬ አይቻቸው መች አውቅና።