ሐራጁን ያፈረሰ ዱላ

በዚያ ቀን በእህቴ ግቢ የተገኘነው ሰባት ነበርን፤ እህቴ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ሐራጁን የሚመራው የፍርድ ቤት ሠራተኛ፣ አንድ ፖሊስ፣ ቤቱን ሊገዛ ከአብደራፊ የመጣ የሰሊጥ ነጋዴ፣ ቀኝ እጁን ያጣው የጎጃም ሰውና እኔ።

ባሏ ወህኒ ነበር። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት በደመወዝ ተጣልቶ የጎጃሙን የቀን ሠራተኛ እጅ በገጀራ ስለ ቆረጠ፣ ከእስራቱ ሌላ ካሳ እንዲከፍል ተፈርዶበታል። ከዚህ ከመተማው ቤት በቀር ሀብት የለውም፤ ቤቱም የባልና የሚስት የጋራ ነው። ያ ገጀራ ለእሷም እንደማይራራ እህቴ ታውቃለች። ባሏ ሳይፈታ ቤቱን ሸጣ ጎንደር ልትገባ ብትሞክር፣ እግድ አለበት ተብላ ከማዘጋጃ ቤት ተመለሰች። በኋላ ፍርድ ቤቱ ቤቱ በሐራጅ ተሸጦ ግማሹ ለእሷ፣ የባሏ ግማሽ ለካሳው እንዲሆን አዘዘ። ስለዚህ ሽያጩን ከማንም አብልጣ የምትጠብቀው እሷ ነበረች።

የመጀመሪያው ሐራጅ ያለ ገዢ አልፏል። በዚህ ቆላ፣ እርቅ ያልወረደበትን የደም ቤት መግዛት ነውር ነው። ይህ ሁለተኛውና የመጨረሻው ነበር።

«ሰሊጥ ቢያልቅብህ ደም ልትሸምት መጣህ?» አለው የባሏ ወንድም ነጋዴውን። ነጋዴው ዋጋ ጠራ።

የወንድምየው የመጀመሪያ ዱላ የነጋዴው አናት ላይ አረፈ። በጉልበቱ ሲወድቅ ሁለተኛው መንጋጋውን ሰበረው፤ ነጭ ጀለቢያው ደም ለበሰ። እህቴ በመካከል ብትገባ ሦስተኛው ክንዷን አገኘው። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ፖሊሱ ወደ ሰማይ ተኩሶ፣ ደብዳቢውን በሰደፍ ጣለውና የፊጥኝ አሰረው። እሱ ግን አፈር ላይ ተደፍቶ፣ የወንድሙን ቤት ማንም እንደማይገዛው እየተናገረ ይስቅ ነበር።

ነጋዴው ዋጋውን ትቶ፣ ግድግዳ እየተደገፈ ወጣ። የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ፣ ሁለተኛው ሐራጅም ገዢ ካጣ ባለካሳው የባልየውን ድርሻ በግምቱ ዋጋ ሊረከብ እንደሚችል አስረዳ። የታሰረው ሰው ሳቁን ያቆመው ይህን ሲሰማ ነው።

የጎጃሙ ሰው እህቴን አያት።

«እትዬ፣ የእርስዎን ድርሻ አልነካም። በመንገድ በኩል ያሉት ሁለት ክፍሎች ይበቁኛል።»

እህቴ የተሰበረ ክንዷን እንዳቀፈች ነበረች።

«እንግዲህ የኔንም ግማሽ የሚገዛ የለም፤ ባሌ ሲፈታ ሁለታችንንም እዚሁ ያገኘናል» አለችው።

ፖሊሱ እስረኛውን ነድቶ ወጣ፤ ሠራተኛውም ተከትሎት ሄደ። ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰን ባጃጅ እስኪመጣ ክንዷን በጋቢዬ አሰርሁላት፤ የጨርቁን አንድ ጫፍ የጎጃሙ ሰው በግራ እጁ ያዘልኝ። ከሰባታችን በግቢው የቀረነው ሦስት ነበርን።