ኮከብ የምታነሳዋ

ፎቶ ቤት የተቀጠርኩ ቀን ጋሽ ሙሉዓለም ካሜራ አላስነኩኝም። መጥረጊያ ነው የሰጡኝ። ፎቶ ቤቱ ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ከጎንደሩ መንገድ ከሚገጥምበት አጠገብ ስለነበር የጭነት መኪና አቧራ ቀኑን ሙሉ በበር ይገባል። «አቧራ የዚህ ሥራ ጠላት ነው። መጀመሪያ ጠላትሽን እወቂ» አሉኝ። ስጠርግና ጉርድ ፎቶ የሚነሱ ሰዎችን ኮሌታ ሳስተካክል ዋልኩ። ስፈራ ዋልኩ ብል ይቀላል፤ የነካሁት ሁሉ የሚሰበር ይመስለኝ ነበር።

ካሜራ የጨበጥኩት በሠርግ ምክንያት ነው። ሙሽራ ስትለብስ ወንድ ፎቶ አንሺ ክፍሏ እንዲገባ የማይፈቅድ ቤተሰብ ብዙ ነበርና ጋሼ እኔን ማስገባት ጀመሩ። ከሚሌኒየሙ በኋላ ፊልም ቀርቶ ዲጂታል ሲመጣ፣ ሌንሱ የሚፈታው ትልቁ ካሜራ እኔ አንገት ላይ ዋለ። ፎቶ ቤቱ ያለው ትልቅ ካሜራ እሱ ብቻ ነበር። በደረቅ መንገድ ስሄድ እንኳን ወንዝ እንደሚሻገር ሰው በሁለት እጄ ደግፌ ነበር የምይዘው።

ሰማዩን የጀመርኩት መብራት በጠፋ አንድ ምሽት ነው። ከተማው ያማርራል፤ እኔ ጓሮ ወጥቼ ቀና ስል ከዋክብቱ ጢም ብለው ሞልተዋል። ካሜራውን ወደ ላይ ደግኜ ተጫንኩት። ፎቶው ጥቁር ሆነ። ፍላሽ አብርቼ ደገምኩ፤ አሁንም ጥቁር። ለኮከብ ፍላሽ! እንኳን ሰው አላየኝ።

ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ ዮናስ የሚባል የፊዚክስ መምህር ነበር፤ የተማሪዎቹን ጉርድ ፎቶ ሊወስድ ሲመጣ ነገርኩት። «የካሜራውን መዝጊያ ከፍተሽ አቆዪው፤ ብርሃኑ ይጠራቀም። ብዙ ካቆየሽው ግን መሬት ስለምትዞር ነጥቡ መስመር ይሆንብሻል» አለኝ። የቀረውን ያስተማረኝ መሳሳት ነው።

ለጀማሪ ባጭሩ ልንገር። ጨረቃ የሌለችበትን ምሽት መምረጥ፣ ካሜራውን ትሪፖድ የሚባለው ማቆሚያ ላይ ማሰር፣ ሌንሱን በሰፊው መክፈት፣ አይ ኤስ ኦ የሚባለውን የብርሃን አቀባበሉን ከፍ ማድረግ፣ መዝጊያውን ሃያ ሰከንድ ያህል ማቆየት። ጣት ስለሚያናውጠው፣ ከተጫኑት በኋላ ትንሽ ቆይቶ ራሱ እንዲያነሳ ማዘዝም ያስፈልጋል። የሚያስለቅሰው ፎከሱ፣ ምስሉን ማጥራቱ ነው። በጨለማ ካሜራው የሚይዘው ነገር ስለሚያጣ ሌንሱ ወዲያ ወዲህ ይላል። እኔ ከሩቅ በሚመጣ የጭነት መኪና መብራት ላይ ፎከስ አደርግና የሌንሱ ቀለበት እንዳይዞር በፕላስተር እለጥፈዋለሁ።

ወረታ መብራት ሲመጣላት ሰማዩ ይደበዝዛል። ስለዚህ ባጃጅ የሚነዳው ወንድሜ ደሳለኝ ወደ ፎገራ ሜዳ፣ ሩዙ ወደታጨደበት ማሳ ይወስደኝ ጀመር። ጋሼ ፈቅደውልኛል፤ አፈቃቀዳቸው ግን እንቅልፍ የሚነሳ ነበር። «ጤዛ የነካው እንደሆነ አንቺንም እሱንም አላውቃችሁም» አሉ። የዚያ ሜዳ ጤዛ ደግሞ ምሕረት የለውም። ሌንሱ ጭጋግ በለበሰ ቁጥር በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግኩ ማርያምን እለማመናለሁ።

አንድ ምሽት ከኋላችን «ቁም!» የሚል ድምፅ መጣ። መሣሪያ ሲቀባበል ሰማሁ።

ሚሊሻ ናቸው፤ አያ ደምሴ ይባላሉ። ባለ ሦስት እግሩን ትሪፖድ ከሩቅ ሲያዩት የተጠመደ መትረየስ መስሏቸዋል። ባትሪ አብርተው ፊቴን አዩ።

«የማን ልጅ ነሽ? ምን ትሠሪያለሽ በዚህ ጨለማ?»

«ፎቶ አንሺ ነኝ፣ አያ። ኮከብ እያነሳሁ ነው።»

«ኮከብ?» ባትሪው እጃቸው ላይ ቀረ። «የማንን ኮከብ?»

እኔ ሞኟ ሳቅሁ። «የሁሉንም» አልኳቸው።

ያቺ ቃል ጉድ ሠራችኝ። በአገራችን ኮከብ የሰው ዕድል ነው። ሊጋቡ ሲሉ ኮከባቸው ይገጥም እንደሆነ የሚያስቆጥሩ አሉ። ማንሳት ደግሞ ፎቶ ማንሳት ብቻ አይደለም፤ ከቦታው ማስለቀቅም ማንሳት ነው። በገበያው ቀን ወሬው ወረታን ሞልቷል፤ ሙሉዓለም ፎቶ ቤት ያለችው ልጅ ማታ ማታ ሜዳ ወርዳ የሰው ኮከብ ታነሳለች። አንዲት ሴት ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ተቀምጣ ሳለ እኔ ስገባ ብድግ ብላ ወጣች። ሌላዋ ደግሞ ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ «የጎረቤቴን ብታነሺልኝ ውለታሽን አልረሳም» አለችኝ። የትኛዋ ይበልጥ እንዳስደነገጠችኝ አላውቅም።

ከዚያ ወይዘሮ ጥሩወርቅ መጡ። ከሜዳው ሩዝ አምራቾች አንዷ ናቸው፤ ልጃቸውን ስመኝን በጥር ሊድሩ ሠርጉን እንድናነሳ ተስማምተን ነበር። የአያ ደምሴ እህት መሆናቸውን የዚያን ቀን አወቅሁ። እኔን አላዩም፤ በእኔ ላይ አሻግረው ጋሼን አነጋገሩ።

«ጋሽ ሙሉዓለም፣ የሠርጉ ፎቶ ይቅርብን። ይቺ ልጅ የልጄን ኮከብ አንስታ ባዶዋን አታስቀርብኝም።»

ሲወጡ ጋሼ በሩን ዘጉ። ቁጣቸውን ለምጄዋለሁ፤ ያን ቀን ግን አልተቆጡም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። «ጥር የእንጀራችን ወር ነው። እሳቸው ከቀሩ ሌላውም ይቀራል። ወይ ወሬውን አጥፊ፣ ወይ የሱቁን ቁልፍ አስረክቢኝ» አሉኝ።

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ሌላ ሥራ አላውቅም። በማግስቱ አመሻሽ ላይ ካሜራውን ይዤ፣ ደሳለኝን አስከትዬ እወይዘሮ ጥሩወርቅ ደጅ ቆምኩ።

«እንዴት አመሹ፣ እናቴ?»

«እግዜር ይመስገን። ምን ፈለግሽ?»

«ሳነሳ እንዲያዩኝ ነው። ካዩ በኋላ ሂጂ ካሉኝ እሄዳለሁ።»

አያ ደምሴ ከቤት ወጡ፤ ስመኝም ከኋላቸው። ትሪፖዱን ስዘረጋ አንዱን እግር ደሳለኝ አጠበቀልኝ። ሲጨልም በተርታ የቆሙትን ሦስት ኮከቦች በጣቴ አሳየኋቸውና «ይቁጠሯቸው» አልኩ። ቆጠሩ። ተጫንኩት። መዝጊያው እስኪዘጋ ጠበቅን። ከዚያ ሦስቱን ኮከቦች በካሜራው መስታወት ላይ አሳየኋቸው።

«አሁን ሰማዩን ይቁጠሩ።»

አያ ደምሴ እህታቸውን ቀደሙ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ኸረ አሉ! ንቅንቅም አላሉ! እኔ ነኝ ወሬኛው!»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ አልሳቁም። መስታወቱን ብዙ አዩት፤ ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

«ኮከቡስ እቦታው ቀረ» አሉ። «የኔን ልጅ ግን አንቺ አንስተሽ ስታበቂ ይዘዋት ይሄዳሉ።»

በስንት ሠርግ ላይ ሙሽራ አንስቻለሁ፤ ካሜራዬን ስሸክፍ ከኋላዬ የሚቀረውን ቤት ዞር ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር።

እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በይ እንግዲህ፤ ከዚህ ቤት ሳትወጣ ከነሰማዩ አንሺን።»

የቤቱን ፋኖስ ብርሃን ቀንሼ ከደጃፉ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። «በቃ እስክል እንዳትንቀሳቀሱ። የተንቀሳቀሰ ይደበዝዛል» አልኩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የልጃቸውን እጅ ይዘው እንደ ምሰሶ ቆሙ። ጊዜው ግማሽ ሳይደርስ የስመኝ ትከሻ መርገፍገፍ ጀመረ። እናቷ ዞር ብለው አላዩአትም፤ እጇን ግን ጠበቅ ሲያደርጉት አየሁ።

ፎቶው መጣ። ከዋክብቱ ነጥብ ነጥብ ብለው ወጥተዋል። እናቲቱ ጥርት ብለዋል። ስመኝ ደብዝዛለች፤ ከእጇ በቀር መልኳ አይለይም። አሁን አለቀልኝ፣ ኮከቧን አነሳሽው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

«ላጥፋውና እንድገመው፣ እናቴ?»

«ተይው» አሉኝ። «ነገሩስ እንዲህ ነው።»

ሠርጉን እኔ አነሳሁ። ያ ፎቶ ታጥቦ እቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በቀጣዩ ዓመት ሊድሩ ያሰቡ እናቶች ፎቶ ቤት እየመጡ «ኮከብ የምታነሳዋ የታለች? እኔና ልጄን ከነሰማዩ ታንሳን» ይሉ ጀመር። ስሙ በዚያው ጸናልኝ። የሱቁ ቁልፍም እኔው ዘንድ ቀረ።

ለጀማሪ የምለው ይህንኑ ነው። ፎከሱን ለጥፉ፤ ሌንሱን ከጤዛ ጠብቁ። ትሪፖዱን ከመዘርጋታችሁ በፊት ምን እንደምታነሱ ለባለ አገሩ ንገሩ። ምን እንዳይነሳበት እንደሚፈራም ጠይቁት።