«ከጊፋታ በኋላ» የሚባል ቀን

ባለፈው ሳምንት ለአክስቴ ስልክ ቁጥር ላወጣ ሄጄ፣ ኮምፒዩተሩ የልደት ቀኗ ካልተሞላ አላልፍም አለ። አክስቴ የምታውቀው በበልግ ዝናብ መወለዷን ብቻ ነው። መዝጋቢዋ ልጅ «ዝም ብለህ አንድ ቀን ንገረኝ» ስትለኝ ሳቄ መጣ። መሠረት ብትሰማት ጉዷ ፈልቶ ነበር።

መሠረት አብራኝ ኮምፒዩተር የተማረች የሶዶ ልጅ ናት። ባጃጅ ከተማችን ውስጥ ገና መብዛት በጀመረበት ጊዜ፣ ሁለታችን ለአንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክትባት መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠራን። ፕሮግራሙን ከዳታቤዙ ጋር የሚያግባባው ከኢንተርኔት ያወረድነው፣ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት፣ ላይብረሪ የሚባል ኮድ ነበር። የመዝገቡ እያንዳንዱ ዓምድ ምን ዓይነት ነገር እንደሚይዝ ይነገረዋል፤ ጽሑፍ፣ ቁጥር ወይም ቀን። ቀን ከተባለ ደግሞ ቀኑም ወሩም ዓመቱም ካልተሟላ አይቀበልም።

ከሁምቦ የሚመጡ እናቶች ግን ልጃቸው መቼ እንደተወለደ ሲጠየቁ «ከጊፋታ በኋላ» ይላሉ፤ በየመስከረሙ ከምናከብረው የወላይታ ዘመን መለወጫችን በኋላ ማለታቸው ነው። የካርድ ክፍሉ አቶ ዳና ሰው መመለስ የማይሆንላቸው ደግ ሰው ስለነበሩ፣ ቀኑን ላላወቀች ሁሉ መስከረም አንድ ብለው ይሞላሉ።

ሰኔ ሲገባ ኮምፒዩተሩ እነዚያን ልጆች በሙሉ ዘጠኝ ወር ሞላቸው ብሎ ለኩፍኝ ክትባት ጠራቸው። ብዙዎቹ ገና ነበሩና ነርሷ መለሰቻቸው። ከሁምቦዋ ከተማ ከተበላ በሚኒባስ የመጣች ታደለች የምትባል እናት፣ ልጇን እንዳዘለች በሩ ላይ ቆመችና «ሁለተኛ ብትመልሱኝ አልመጣም» ብላን ሄደች። በቆላው ኩፍኝ ገብቷል ይባል ስለነበር መሠረት ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

«ዓምዱን ጽሑፍ እናድርገውና እንገላገል» አልኳት።

«ጽሑፍ ዕድሜ ይቆጥራል?»

እኔ ለማየት እንኳ የምፈራውን የላይብረሪውን ሆድ ዕቃ ከፍታ ገባችበት። ሐምሌን ሙሉ የዳሞታ ተራራ ከጉም ሳይወጣ ቢሮ እንደርሳለን፤ ምሳችን ከነቆረቆንዳው የተቀቀለ እሸት በቆሎ ነው፣ ከዳጣ ጋር። የሰው ኮድ እንደዚያ በትዕግሥት የሚያነብ አላየሁም። ሲጨንቃት አቶ ዳናን ትጠራለች።

«አቶ ዳና፣ ከጊፋታ በኋላ ሲሉ እስከ መቼ ነው?»

«እስከ በቆሎ መሰብሰቢያ ነዋ ልጄ። ከዚያ ወዲያማ በቆሎ ስንሰበስብ ነው የሚሉት።»

እንዲህ እንዲህ እያለች ላይብረሪው የማያውቀውን አዲስ የዓምድ ዓይነት ጨመረችበት። እናትየው ያለችውን ቃል እንዳለ ይይዛል፤ ከሥሩ ደግሞ ልጁ ቢቀድም ከመቼ፣ ቢዘገይ እስከ መቼ እንደተወለደ ሁለት ቀን ያስቀምጣል። ለክትባት የሚጠራው ከዘገየው ቀን ተቆጥሮ እንኳ ዘጠኝ ወር ሲሞላ ነው።

«የሁለት ልጆች ቀን ቢደራረብበትስ? ማን ይበልጣል ይላል?» አልኳት።

«አላውቅም ይላላ! እናቶቻቸው ያላወቁትን እሱ ከየት አምጥቶ?»

ነሐሴ ላይ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል ታደለችን አስጠራናት። ዝናቡን ተሸክማ መጣች፤ ፊቷ አልተፈታም፣ ልጁንም ከጀርባዋ አላወረደችም። አሁንም ብንመልሳት ያ ልጅ ሳይከተብ መቅረቱ ነው። አቶ ዳና ጠይቀዋት ቃሏን ጻፉ። መሠረት ከኋላቸው ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ስክሪኑ ላይ «ደርሷል» የሚል ወጣ።

ታደለች ግን አላመነችም። «ልጄን ምን ብላችሁ ጻፋችሁ?»

አቶ ዳና ስክሪኑን ወደ እሷ አዙረው አነበቡላት፦ «ከጊፋታ በኋላ።»

«እኔ ያልኩት ነው!» አለች። አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ መሠረትን አየች።

ከዚያ ወዲህ በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ከብዙ ጎበዞች ጋር ሠርቻለሁ፤ የመሠረትን ያህል ያስቀናኝ ግን የለም። ወጣቶች ጥሩ ፕሮግራመር ምን ዓይነት ነው ብለው ሲጠይቁኝ መልሱን ለማስረዳት ይቸግረኛል። የሚመጣብኝ ታደለች አንቀልባዋን ፈትታ ልጇን ለነርሷ ስታቀብል ነው።