በግራ እጅ የተጀመረ ኮሌታ

በ2016 ዓ.ም. በጋ፣ ኅዳር ላይ ነበር። ሊሙ ገነት ወንድሜ ዘንድ ሄጄ፣ ቡና ከሚሰጣበት የሽቦ አልጋ አጠገብ ቆሜ የተበላሸውን ፍሬ እለቅም ነበር። ቀኝ እጄ ያነሳችውን ጣለች። ደግማ አነሳች፣ ደግማ ጣለች። በሦስተኛው ማንሳቱንም ተወች። ወንድሜ «ምነው፣ ደከመሽ?» አለኝ። ልመልስለት ስል አፌ እምቢ አለኝ።

ጅማ ሐኪም ቤት አደረሱኝ። የጭንቅላት ደም ሥር ተዘግቶ ነው አሉ። ንግግሬ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፤ እግሬ በወሩ። እግዚአብሔር ይመስገን። ቀኝ እጄ ግን አልተመለሰችም። የሌላ ሰው እጅ በአደራ የተሰጠኝ ይመስል ከትከሻዬ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ሐኪሙ «ዝም ብላ እንዳትተኛ አሠሪያት። የምትመለስ ከሆነ በእነዚህ ወራት ነው» አለኝ። የማትመለስ ከሆነስ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ ቤቴ በገባሁ ማግስት ጠዋት ለጸሎት ቆምኩ። ማማተብ አቃተኝ። በግራ ማማተብ ደግሞ አልሆንልኝ አለ። በመጨረሻ ግራዬ የቀኜን አንጓ ይዛ ወደ ግንባሬ አነሳቻት፣ ወደ ደረቴ አወረደቻት፣ ከትከሻ ወደ ትከሻ አሻገረቻት። አንዷ ሌላዋን ተሸክማ አማተበች። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ቀስ ብላ ተመለሰች።

ያለችኝ እሷው ናት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፣ ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበረች። ትምህርቱን የጀመረች ዕለት «የምትመረቂ ቀን ኮሌታሽን እኔ ሠርቼ፣ ቁልፉንም እኔው ቆልፌ ነው የምሸኝሽ» ብያታለሁ። ኮሌታ የምለው ከቀሚስ ላይ ለብቻው የሚደረበውን ነጭ የዳንቴል ኮሌታ ነው። ያሳደግኳትም በዳንቴል ነው። የስንቱን ቤት ሶፋና የሻይ ጠረጴዛ አልብሻለሁ።

«እማ፣ ኮሌታ ሱቅ ሞልቷል። አንቺ ብቻ ዳኚልኝ» አለችኝ።

«ቃል የገባሁልሽ የሱቅ አይደለም።»

ምርቃቱ ሰኔ መጨረሻ ነው ተባለ። ያንን ትንሽ ቁልፍ በአንገቷ ላይ መቆለፍ ከቻልኩ እጄ ተመልሳለች። ካልቻልኩ አልተመለሰችም። በልቤ የያዝኩት ይህን ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም።

አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቴን ሰፈሩ ሁሉ አዳዳ ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው። ድሮ ገበያ ውስጥ ክር ይሸጡ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ልጆች ዳንቴል የተማሩት ከሳቸው ነው፤ እኔም ከሊሙ አዲስ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ነጭ ክርና ኪሮሽ፣ ያችን ጫፏ የተቆለመመች መርፌ፣ ይዘው ገቡ።

«እስከ መቼ ነው እጅሽን እንደ እንግዳ አስቀምጠሽ የምታስተናግጃት?»

«አዳዳ፣ አልታዘዝ አለችኝ።»

«እሷ ካልታዘዘች ሌላዋን እዘዢ። አላህ ሁለት የሰጠሽ ለምን ይመስልሻል?»

«በግራ?»

«በግራ መጉረስ ነው ነውሩ። ክር አይበላ!»

ድሮ ሲያስተምሩኝ ከጎኔ ነበር የሚቀመጡት። ያን ቀን ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። እሳቸው በቀኛቸው ሲሠሩ እኔ መስታወት እንደማይ ሆኜ በግራዬ እከተላቸዋለሁ። ቀኝ እጄን ከጉልበቴ ላይ አንስተው ክሩን በትንሿ ጣቴ ዙሪያ አዞሩት፣ በጠቋሚዋ ላይ አሳለፉት። «እሷ ክር ትያዝ። ይሄንንስ አታጣውም» አሉ።

ዳንቴል እኛ ጋ በወረቀት ላይ አይጻፍም። ናሙና ይያዛል፤ ዓይን ይቆጥራል፣ እጅ ይቀዳል። አዳዳ ከብስኩት ቆርቆሯቸው ያወጡልኝ ናሙና የቡና ቅጠል ነበር፤ ጫፉ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያለ፣ ነፋስ የነካው የሚመስል። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራዬን አንስተው ወደ ብርሃን አዩትና «ይሄ ዳንቴል ነው ወይስ የወፍ ጎጆ?» አሉ። ሳቅሁ። ከታመምኩ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር።

አንድ ቅጠል አራት ቀን ፈጀብኝ። በእያንዳንዱ ቅጠል አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ይህን ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቼዋለሁ፤ ተገርሜበት አላውቅም ነበር። እጄ ፈጣን ስለነበረች አላየሁትም። አሁን ቀስ ብዬ ስሠራ አየሁት። አንድ ክር ነው። አይቆረጥም፣ ሌላ አይጨመርበትም። በራሱ ውስጥ እያለፈ ቅጠል ይሆናል። አንድ ጊዜ ብትስቢው ደግሞ ተመልሶ ያው ክር ነው። ሰውንስ የሠራ እንዴት ሠራው እያልኩ መርፌዬን የማቆምበት ጊዜ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ የኮሌታው አንድ ወገን፣ ከማጅራት እስከ ጉሮሮ የሚመጣው፣ አለቀ። አዳዳ ከናሙናው ጎን ዘረጉትና ፊታቸው ተለወጠ።

«ወይ ጉድ! ቅጠሎችሽ ወደ ኋላ ነው የሚሄዱት።»

እውነት ነው። ናሙናው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል የኔ ሁሉ ወደ ግራ አዘንብሏል።

«ግራ እጅ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አሉ። «ለዚህ ነው ግራኝ ልጅ ስትመጣልኝ መጀመሪያ እጇን ወደ ቀኝ የምመልሳት። ፍቺው ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ገና ጊዜ አለሽ።»

«አዳዳ፣ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ ጸሎት አለበት። ጸሎት ይፈታል?»

ናሙናውን አጣጠፉ። «እሱስ አይፈታም» አሉ።

ሌላውንም ወገን በግራዬ ልቀጥል ብዬ ጀመርኩ። ከፋሲካ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየመታ፣ ክሩ በቀኝ ጠቋሚ ጣቴ ላይ ሲንሸራተት ተሰማኝ። አላየሁትም፤ ተሰማኝ። ጉንዳን ሲሄድ እንደሚሰማው ነበር። ቆምኩ። ፈራሁ። ቀስ ብዬ ክሩን ሳብኩ፤ አለ። ደግሜ ሳብኩ፤ አለ። ጥቅሉ እግሬ ሥር ተንከባለለ፣ እኔ እስባለሁ። ሥራ አልሠራሁም፤ ክር ብቻ እየሳብኩ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጥኩ። ለልጄም አልነገርኳት። ከተናገርኩት የሚሄድ መሰለኝ።

አልሄደም። በሳምንቱ ጣቲቱ ታጠፈች። ከዚያ አውራ ጣቴ። ለአራት ወር ክር ያዢ ተብላ የተቀመጠች እጅ፣ ያ ክር በየቀኑ በላይዋ ሲያልፍ፣ ለካ አልተኛችም ነበር። አንድ ጠዋት ቀኜ ብቻዋን እየተንቀጠቀጠች ወደ ግንባሬ ወጣች። ግራዬ ልታግዛት ተነሳች፤ መንገድ ላይ ቀረች።

ግንቦት ሲጋመስ የጀመርኩትን ትቼ ሁለተኛውን ወገን በቀኜ እንደ አዲስ ጀመርኩ። አዳዳ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እዚህ ጋ በግራ፣ እዚያ ጋ በቀኝ? ቅጠሉ ይጋጫል!»

«ይጋጭ። ቀኜ ተመልሳ እንዴት አስቀምጣታለሁ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሰው ሲስቅብሽ ግን ያስተማርኩሽ እኔ መሆኔን አትናገሪ።»

የምርቃቱ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ አዳዳ የአስር ሶላታቸውን ሰግደው ሲመጡ፣ ሁለቱን ወገኖች ማጅራቱ ላይ አገናኝቼ ሰፋሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

ሁለታችንም ወደ ጠረጴዛው ቀረብን።

እስከዚያ ቀን ያየሁት ኮሌታ ሁሉ፣ እኔ ራሴ የሠራሁትም ጭምር፣ ቅጠሉ በአንገት ዙሪያ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ወረፋ እንደያዘ ሰው አንዱ የሌላውን ጀርባ እያየ። ይሄኛው አልዞረም። ቅጠሎቹ ከማጅራት ተነስተው፣ ግማሾቹ በዚህ ግማሾቹ በዚያ ትከሻ ወርደው፣ ጉሮሮ ላይ ሲደርሱ ፊት ለፊት ተያዩ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጫፎቻቸውን አጎንብሰው ሰላምታ የሚለዋወጡ ይመስሉ ነበር። በግራዬ የሠራሁትን ፈትቼው ቢሆን፣ ወይም ቀኜ ባትመለስ፣ አይሆንም ነበር። ሁለቱም እጆች የግድ ያስፈልጉት ነበር።

አዳዳ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ማሻአላህ» አሉ፣ ለራሳቸው። ቆይተው «ስንቷን ግራኝ እጇን መትቼ መልሻታለሁ መሰለሽ። ተበላሸ እያልኩ» አሉኝ። ቀኝ እጄን ያዙ። ከዚያ ግራዬንም ያዙ።

ልጄ ጋዋኗን አንጠልጥላ ስትገባ ያገኘችን እንደዚያ ነው።

«ምን ሆናችሁ?» አለችና ወደ ጠረጴዛው ጎነበሰች። «እማ! ይሄ እኮ ፐርፌክት ሲሜትሪ ነው! በምን ለካሽው?»

«አልለካሁትም።»

«በናትሽ! ታዲያ ማነው ዲዛይን ያደረገው?»

አዳዳን አየኋቸው። አዩኝ።

«አንቺ ነሽ እንዴ መሐንዲሷ?» አሏት አዳዳ። «እሱን ለእኛ ተዪው።»

በማግስቱ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ልጄን መስኮቱ አጠገብ አቆምኳት። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች። ኮሌታውን ከላይ ደረብኩላት፣ ቅጠሎቹን በሁለቱ ትከሻዎቿ ላይ አስተካከልኩ። ቁልፉ ከቡና ፍሬ ያንሳል። የመጀመሪያው ጊዜ አመለጠኝ። ሁለተኛውም አመለጠኝ። ልጄ እጇን ወደ አንገቷ አነሳች፤ ከዚያ መልሳ አወረደች፣ አገጯንም ቀና አድርጋ ጠበቀችኝ። በሦስተኛው ቁልፉ ገባ። ሊወስደን ደጅ የቆመው ባጃጅ ጡሩምባውን ሲነፋ፣ ቀኝ እጄ ገና ከአንገቷ ላይ አልተነሳችም ነበር።