ከጋዜጣው ሥር የተገኘው የቅጥር ደብዳቤ

የቅጥር ደብዳቤውን ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ይኸው፣ ከመጀመሪያው ተናገርኩ። የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ እኔ ማንበብ ስለማልችል ካጣመመችው ጥፋቱ የሷ ነው።

ጅማ የገባነው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ፣ ባለቤቴ ከአሰንዳቦ ሲዛወር ነው። አሰንዳቦ አራት ዓመት ሙሉ ቡና ሲመዝን ነበር። ቤታችን የጭቃ ቤት ስለሆነ ረመዳን በመጣ ቁጥር ዱቄት በውሃ አፈላና ግድግዳውን ጋዜጣ አለብሰዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ራስጌያችን ጋ አንዲት ወረቀት ጎደለችኝ። ሻንጣው ውስጥ ትልቅ ወይን ጠጅ ማህተም ያለባት ወረቀት አገኘሁ። ደስ ስትል! ለጠፍኳት። በዓመቱ ላይዋ ላይ ሌላ ጋዜጣ፣ ከዚያም ሌላ።

ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመት ቆይቶ የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ጡረታ ወጡ። ለቦታው ሁለት ሰው ቀረበ፤ የኔው ሰውዬና አብሮት የሚሠራ አንድ የደዶ ሰው። በሌላው ሁሉ እኩል ሆኑ፤ እንግዲህ አገልግሎቱ የበለጠ ይሾም ተባለ። ፋይል ሲገለጥ የአሰንዳቦው አራት ዓመት የለም። የደዶው ሰው በሁለት ዓመት በልጦ ተሾመ። ባለቤቴ አቤት አለ። አቤቱታ የሚሰሙት ሦስት ሰዎች፣ «አሰንዳቦ መሥራትህን እኛም እናውቃለን፤ ሕጉ የሚያውቀው ግን ወረቀት ነው። በሳምንት ውስጥ የቅጥር ደብዳቤህን አምጣ» አሉት።

ሰውዬው ቤቱን ገለበጠው።

«አንቺ፣ ማህተም ያለው ወረቀት አላየሽም?»

«እኔ መች ማንበብ እችላለሁ» አልኩ። ውሸት አይደለም።

ሦስት ቀን እህል በቅጡ አልቀመሰም። «አራት ዓመቴን ማን በላው?» እያለ ብቻውን ሲያጉረመርም ሆዴ አልችል አለ። ጣቴን ወደ ራስጌያችን ቀሰርኩ።

«ምን አለ እዚያ?»

«አሰንዳቦ።»

ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ። «ከስንት ጋዜጣ ሥር?»

«ረመዳኑን ቁጠረው።»

ይጮህብኛል ስል ቢላ ሊያመጣ ሮጠ። እጁን ያዝኩት። «ማሎ፣ እባክህ፣ ከተቀደደ አለቀልህ። ዳኞቹን እዚህ አምጣቸው።»

«መኝታ ቤቴ?»

«ታዲያ ግድግዳውን ተሸክመህ ልትሄድ ነው?»

መጡ። ተከራካሪው በዓይኑ ይይ ተብሎ የደዶውም ሰው አብሮ መጣ። ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ እየነከርኩ አንድ በአንድ ማራስ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሰልፍ፣ ከሥሩ ትራክተር፣ ከትራክተሩ ሥር ንጉሡ ብቅ አሉ። ያኔ የንጉሡ ፎቶ ቤትህ ተገኘ ማለት ቀልድ አይደለም። የዳኞቹ ሰብሳቢ ወደ ጣሪያው እያዩ፣ «እህቴ፣ ቶሎ ቶሎ ይላጡት። ይሄኛውን እኛ አላየንም» አሉኝ።

«እኔማ ዓይኔም ደካማ ነው» አለ የደዶው ሰው።

ከዚያ ማህተሟ ወጣች። አንዱን ጫፍ በረሮ በልቶታል። ቀኑን በልቶት ቢሆንስ አልኩ በልቤ። ዓይኔ ደካማ ነው ያለው ሰውዬ ሁሉንም ገፋ ገፋ አድርጎ ተጠጋና ራሱ አነበበው፤ ስሙን፣ አሰንዳቦን፣ ቀኑን። በጣቱ ቆጠረ። ዞር ብሎ ባለቤቴን፣ «ወንድሜ፣ በሁለት ዓመት ትቀድመኛለህ። ወንበሩን ገና አላሞቅኩትም፤ ና ተቀመጥበት» አለው።

አልሐምዱሊላህ። እዚያው ዳኞቹ ፊት አልጋው ላይ ዘፍ አልኩ።

ደብዳቤው አልላጥ ስላለ ጭቃውን ከነወረቀቱ ቆርጠው በኔ ሰፌድ ይዘውት ሄዱ። ሰፌዴ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ፋይል ውስጥ ይሆናል።

በሳምንቱ ባለቤቴ የሹመቱን ደብዳቤ ይዞ መጣ። ቤት ግን አልገባም። ደብዳቤውን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ በር ላይ ቆመ።

«መጀመሪያ ንገሪኝ። ዱቄት አፍልተሻል?»

«አላፈላሁም።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

ያኔ ገባ። እንዳልነካው ሩቅ ይዞ አሳየኝ። ማህተሙ እንደ ድሮው አያምርም።